ሟች የሌለው ድንኳን

በሞጆ ማለዳ ማለዳ ግድግዳ ሰላምታ ይሰጣል። ጎህ ሲቀድ በየሕንፃው፣ በየሳሎኑ፣ የወንድም የሴትም ያልሆነ ለስላሳ ድምፅ «ደህና አደሩ?» ይላል። የቤቱ ሰውም ካለበት ሆኖ «ደህና፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። አገልግሎቱ በወጉ የተሰጠው ረጅም ስም ነበረው፤ ሰው ግን ከሰላምታው ተነሥቶ «ደህናዬ» ይለዋል።

በተተከለ ሰሞን ደህናዬ የሚያምነው የሰዎቹን መልስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መሐንዲሶቹ ተቸገሩ። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰው «ደህና፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ትዳሩ ትናንት የፈረሰበትም እንዲያው። አንድ ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ እግራቸው ተሰብሮ ሳለ «በጣም ደህና፤ እናንተስ እንዴት ናችሁ?» አሉ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ስለዚህ መልሱን እንዲሰማ እንጂ እንዳያምን አደረጉት። በመልሱ ፋንታ ኑሮን ያያል፤ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ምድጃው ተለኩሶ እንደሆነ፣ ማን የት እንደተኛ። ያየውንም ለጤና ጣቢያውና ለሰፈሩ ዕድር ያስታውቃል። ሰላምታውን ግን አላስቀሩትም፤ ሰው ቤት አድሮ ደህና አደራችሁ አለማለት ነውር ነው ተባለ።

ያብሥራ ያን ሰሞን ለግድግዳው የሚመልሰው መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ ላይ ሆኖ ነበር። አልጋ አጥቶ አይደለም። ባለቤቱ ሄራን፣ እርግዝና የከበዳትን ልጃቸውን ስንቅነሽን ልትጠብቅ ሐዋሳ ከሄደች ሰነባብታለች። ስንቅነሽ በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጅ ታቅፋለች፤ ሄራን ግን ክርስትናው እስኪደርስ አልተመለሰችም። ዕድሜውን በመኪና ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ያሳለፈ ሰው፣ በሰፊ አልጋ ላይ ብቻውን ሲሆን የሚወድቅ ይመስለዋል። ፍራሹን አውርዶ ሳሎን አነጠፈው። መጋረጃውን ዘጋ። በመስኮቱ የጅቡቲ መንገድ ይታያል።

ያብሥራ ሹፌር ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ይባል ነበር። በወጣትነቱ መሪ ጨብጦ ከሞጆ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ወደብ ተመላልሷል። ኋላ መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ድርጅቱ ሹፌሮቹን ባንዴ አልበተናቸውም፤ «ተጠባባቂ» ብሎ እዚያው ጋቢና ውስጥ አስቀመጣቸው። ተጠባባቂ መሪ አይነካም። ግመል አስፋልት ላይ ቢተኛ፣ የአሸዋ አውሎ ቢነሣ፣ መኪናው ያማክረዋል። የሚያማክረው ነገር ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ። ያም ሆኖ ጋቢናው ጋቢና ነበር። ያብሥራ ሚሌ ላይ ፊቱን ይታጠባል፤ ሎጊያ ላይ የፍየል ጥብስ ይበላል፤ በየኬላው የሚያውቁት ሰዎች እጃቸውን ያነሡለታል።

የካቲት ሲገባ አዲሶቹ መኪኖች መጡ። ጋቢና የላቸውም። ፊታቸው እንደ ታጠበ ሳሙና ልሙጥ ነው፤ መስኮት የለ፣ በር የለ፣ የሚቀመጡበት የለ። ኃላፊው ተጠባባቂዎቹን በግቢው ጥላ ሥር ሰብስቦ አመሰገናቸው። ኬክ ተቆረሰ። «ድርጅቱ ምንጊዜም ቤታችሁ ነው» ሲል፣ ከጀርባው አንዱ ልሙጥ መኪና ድምፅ ሳያሰማ ከግቢው ወጣ። ሁሉም አጨበጨቡ። ያብሥራም አጨበጨበ።

ያን ዕለት ሄራን እንደ ወትሮዋ ደወለች። ትዳራቸውን ሙሉ ስልክ ስታነሣ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የት ደረስክ?»

«አዋሽ ገባሁ» አላት። ቃሉ ሳያስበው ከአፉ ወጣ። ሊያርመው ሲል ስለ ልጃቸው እግር እብጠት ማውራት ጀመረች፤ ማረሚያው አለፈ።

በማግስቱ ሚሌ ደረሰ። ከዚያ ሎጊያ፤ ከዚያ ጋላፊ። መንገዱን በልቡ ስለሚያውቀው ውሸቱ ሰዓቱን አያዛንፍም ነበር። ሚሌ ሲሆን ስለ ሙቀቱ ያማርራል። የምትስቅበትን የኬላ ወሬ እየፈጠረ ይነግራታል። ስልኩን ሲዘጋ ደረቱን የሚጨብጠው ነገር አለ፤ ትንፋሹ ወደ ታች አይወርድለትም። ሌሊት ዓይኑ ፈጥጦ ያድራል፤ ቀን እንደ ሬሳ ይተኛል። እህል አሸዋ አሸዋ ይለዋል። ጓደኞቹ ሲደውሉ ስልኩ እስኪዘጋ ያየዋል። አንዴ የውኃ መጠጫው ከእጁ ቢወድቅ ተቀምጦ ብርጭቆውን ሰደበ፤ ስድቡም ረጅም ነበር። ጢሙን መላጨት ተወ።

የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። ማንም አልሞተበትም። «ሰው ልጁን ቀብሮ ይነሣል» ይላል ለራሱ፤ «እኔ ለወንበር?»

ክርስትናውም እየቀረበ ነበር። «በመኪናህ ብቅ ትላለህ» ትለዋለች ሄራን፤ «ሕፃኑን፣ ዘርጋውን፣ ጋቢናህ ውስጥ አስቀምጠን ፎቶ እናነሣዋለን።» «እሺ» ይላታል። ሄራን ገና ሲጋቡ ነግራዋለች፤ «ማጣትን እችላለሁ። መታለልን ግን አባቴ ቤት በቃኝ።» ቢነግራት እሷን የሚያጣ መሰለው። ባይነግራት ደግሞ ከዚያ ፍራሽ የሚነሣበት መንገድ አልታየውም። ሁለቱን ሲያመዛዝን ይመሻል፤ ሲያመዛዝን ይነጋል፤ ግድግዳው ደህና አደሩ ይለዋል፤ እሱም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል።

በመጋቢት አጋማሽ፣ አንድ ማለዳ፣ ከሰላምታው በፊት የሰው ኮቴ ሰማ። ብዙ ኮቴ ነው፤ ግን ማንም አይናገርም። ጋቢውን ደርቦ በሩን ከፈተ።

ኮሪደሩ ሞልቷል። ፊት ለፊት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ኖላዊ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ከጎናቸው እትዬ ኤልዳና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን ታጥቀው። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ኖላዊና ኤልዳና፣ ጎረምሶቹና ኮረዶቹ ዘርጋውና ስንቅነሽ የሚባሉበት ዘመን ነበር። ከታች ከግቢው የዕድሩ ድንኳን ራሱን እየነፋ ሲቆም የሚያወጣው ረጅም ትንፋሽ ይሰማል።

ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ዝም ብሎ ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ያብሥራ ያውቃል። መርዶ ነው።

«እግዜር ያጽናህ፣ ያብሥራ» አሉ ጋሽ ኖላዊ።

«ማን?»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሄራንን የመሰለች ሴት…»

የቀረውን አልሰማም። የበሩን መቃን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ሄራንዬ!» ያለው ድምፅ የራሱ አልመሰለውም። ሴቶቹ ለቅሶውን ተቀበሉት፤ ኮሪደሩ ባንድ ጊዜ አስተጋባ። ከላይ ፎቅ በሮች ተከፈቱ።

«መቼ?» አለ ያብሥራ ትንፋሽ ሲያገኝ። «ምን ሆና? ሕፃኑስ?»

ጋሽ ኖላዊ እትዬ ኤልዳናን አዩ። «መቼማ የምታውቀው አንተ ነህ እንጂ።»

«እኔ በምን አውቄ?»

«ካንተ አይደል እንዴ የሰማነው!»

«ከኔ? እኔ መች ተናገርኩ?»

«አልተናገርክም። እሱም ቅር ብሎናል» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታው ገባ። «ዕድርተኛ ሆነህ ሐዘንህን ብቻህን ይዘህ ትቀመጣለህ? ደህናዬ ነው ለኛ ያስታወቀ። "በአቶ ያብሥራ ቤት ሐዘን አለ፤ ሰውየው ፍራሽ ላይ ናቸው" አለ። ቤቱ ሁለት ሰው ነው ያለው። አንተ ትንቀሳቀሳለህ። ታዲያ ሟች ማን ይሁን?»

«ደውላችሁ አትጠይቋትም?»

«ምን ብለን?» አሉ እትዬ ኤልዳና እንባቸውን እየጠረጉ። «"ሄራን ሆይ፣ ሞተሻል ወይ?" ብለን?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ሰዉን እየገፋች የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ይመኙሻል ብቅ አለች። ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ትመጣለች፤ ሥራዋ ነው፤ የሰፈሩም ልጅ ናት። ያብሥራን አየች፣ በሩ ውስጥ የተነጠፈውን ፍራሽ አየች፣ ስልኳን አወጣች። ሄራን ጋ ደወለች።

«ሃሎ! ማነው በዚህ ማለዳ?» አለ የሄራን ድምፅ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው። «ሕፃኑን አሁን ገና ነው ያስተኛሁት!»

አንዷ እልል አለች። ሌላዋ «እግዚኦ» ብላ አማተበች።

«ሄራን፣ አንቺ ነሽ?» አሉ እትዬ ኤልዳና።

«ማን ልሁን ታዲያ?»

«በሕይወት አለሽ? ይኸው ደጅሽ ላይ ተሰብስበናል!»

«እትዬ ኤልዳና፣ አመመዎት እንዴ?»

ያብሥራ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሳቀ፤ ሳቁ ከለቅሶው አልተለየም። ያን ያህል ጊዜ ደረቱን ጨብጦት የኖረው ነገር ለአፍታ ለቀቀው። አለች። ትቆጣለች። ሕፃን አስተኝታለች።

«ቤቴ ደጅ ላይ ምን ትሠራላችሁ?» አለች ሄራን። «ያብሥራ እንደሆነ የለም። ጋላፊ ነው። ማታ ነግሮኛል።»

ሁሉም ያብሥራን አየው፤ ጋቢውን፣ ባዶ እግሩን፣ የጎፈረ ጢሙን። ጋሽ ኖላዊ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። ሲስተር ይመኙሻል ስልኩን ልትዘጋ እጇን ሰነዘረች። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፤ «አሁን ገባሁ» ቢል ማንም አያጋልጠውም። ሄራንም ታምናለች። ነገ ደግሞ አዋሽ ይደርሳል።

እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበላት።

«ሄራን፣ ጋላፊ አይደለሁም።»

«ያብሥራ? መቼ ገባህ?»

«አልወጣሁም። መኪናው የለም። ጋቢና የሚባል ነገር ቀርቷል፤ አሰናብተውናል። ከየካቲት ጀምሮ የትም አልሄድኩም። እዚሁ ሳሎን፣ ፍራሽ ላይ ነኝ።»

ከወዲያ የሕፃን ንጭንጭ መጣ፤ ከዚያ የሄራን ድምፅ።

«ሚሌ ሞቀኝ ያልከኝስ?»

«ዋሸሁሽ።»

«የኬላው ሰውዬ ፍየል…»

«እሱንም።»

ስልኩ ተዘጋ። ያብሥራ ጨለማ የሆነውን የስልኩን ፊት ትንሽ አየና ለሲስተር መለሰላት።

ሰው በዚህ ጊዜ ምን እንደሚባል አላወቀም። ለሟች ቤት የሚባል ቃል አለ፤ ለዚህ አልተሰናዳም። በመጨረሻ ጋሽ ኖላዊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ስሕተት ነው። ተመስገን ነው። ድንኳኑን እናጥፈው፣ ሰዉም ወደየሥራው ይሂድ።»

«ንፍሮው ተቀቅሏል» አሉ እትዬ ኤልዳና።

«ንፍሮ ለሟች ነው፣ ኤልዳና።»

«ሟች ንፍሮ ሲበላ የት አይተው ያውቃሉ? የሚበላው የቀረው ነው።»

«ሟች በሌለበት ዕድር አይቀመጥም! የሰፈር መሳቂያ እንሁን?»

ሲስተር ይመኙሻል በመሀላቸው ገባች። «ጋሽ ኖላዊ» አለች፤ «ደህናዬ ይሄን ከማን ተማረ መሰለዎት? ከኛ ነው። ያለፉትን ዓመታት ለቅሶ ሁሉ አይቶ፣ ሰው ፍራሽ መሬት ላይ ካነጠፈ፣ ጢሙን ካሳደገ፣ እህል ከተወ፣ ሐዘን አለ ማለት ነው አለ። ማን እንደሞተ የገመትነው እኛ ነን። አሁን ፍራሹ ያው፣ ጢሙ ያው። ድንኳኑ አንድ ቀን ቆሞ ቢውል ማንን ይጎዳል?»

ጋሽ ኖላዊ ያብሥራን አዩት። ባርኔጣቸውን ሊደፉ ነበር፤ መልሰው አወረዱት።

«እሺ» አሉ። «ግን ነፍስ ይማር አልልም። ቁርጡን ዕወቁት።»

እንዲህ ሆኖ ያን ዕለት በሞጆ ሟች የሌለው ድንኳን ዋለ። ያብሥራን ደግፈው አወረዱት። በድንኳኑ ራስጌ ፍራሽ ተነጠፈለት፤ ያንኑ የሳሎኑን ፍራሽ ነው ያወረዱት። ሰዉ እየገባ ጎንበስ ይልና «እግዜር ያጽናህ» ሊል ይጀምራል፤ መሀል ላይ ይጠፋዋል፤ «እንግዲህ…» ብሎ ይቀመጣል። ንፍሮ በጭልፋ ታደለ። ጎልማሶቹ ጥግ ይዘው ካርታ ጀመሩ። የድንኳኑ ማቀዝቀዣ ያንሾካሽካል። ከውጭ ልሙጦቹ መኪኖች በመንገዱ ላይ ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ያብሥራ አንገቱን ደፍቶ ሄራንን ያስባል። አልደወለችም።

ሲስተር ይመኙሻል ንፍሮዋን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አብጃለሁ እንዴ?» አላት ሌላ እንዳይሰማ።

«አላበዱም።»

«ታዲያ ምን ይባላል? ማንም ሳይሞትብኝ?»

«ስም አለው። የመላመድ መታወክ ይባላል። ሰው የቆመበት ነገር ባንዴ ሲነሣበት የሚመጣ ነው፤ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ትዳር፣ የኖሩበት ሰፈር። ያው ልብና አካል አዲሱን ኑሮ ገና አልተቀበሉም። ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ እሱ ደግ ነገሩ ነው። ሰው ካልደበቀው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይለቃል። ከተደበቀ ግን ይከርማል፤ ወደ ሌላ፣ ወደ ባሰ ሊዞርም ይችላል።»

«መድኃኒቱስ?»

«እንቅልፉ ካስቸገረ እናያለን። ዋናው ግን ወሬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፣ እናወራለን። ማለዳ ተነሥተው በእግርዎ ይሄዳሉ። በሰዓቱ ይበላሉ፣ ባይጥምዎትም። ከዚያ ቀስ እያልን ይህ ሥራ ምንዎ እንደነበር፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚሆን እናያለን።» ንፍሮዋን ቃመች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ ጠየቀችው፤ «ጋሼ፣ መሞት አስበው ያውቃሉ?»

ያብሥራ ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም። አሰበ።

«መሞት አይደለም» አላት። «አለመነሣት ነው ያማረኝ።»

«ሐሳቡ ወደ መሞት ከዞረብዎት፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ለኔ ነው የሚደውሉት። ለግድግዳው አይደለም።»

«ለግድግዳውማ ደህና ነኝ ነው የምለው።»

«ለኔም እንዳይሉኝ» አለች። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ወደ ድንኳኑ ገባ። ክሩቤል ነው፤ ከያብሥራ ጋር በአንድ ድርጅት ተጠባባቂ የነበረ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር። ደንበኛ የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ ጫማው ይብለጨለጫል። ያብሥራ ገርሞት አየው።

«አንተ ሌላ ሥራ አገኘህ እንዴ?»

«የለም» አለ ክሩቤል። ሻንጣውን እግሩ ሥር አኖረ። «በየማለዳው ለብሼ እወጣለሁ። ባቡር ጣቢያ እቀመጣለሁ። ሲመሽ ደክሞኝ እገባለሁ። ሚስቴ እግሬን ታጥብልኛለች።» «ዕድሩ ላንተ ቤት የነፋውን ጠሩምባ ስልኬ ላይ ስሰማ ሄራን ሞተች ብዬ መጣሁ። ደጁ ላይ ግን ነገሩን ነገሩኝ። ተመልሼ ልሄድ ነበር፤ እግሬ እንቢ አለኝ።»

«ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?»

«ሌላ ሻንጣ። ባዶ እንዳይመስል።»

ካርታ የሚጫወቱት ዘወር ብለው አዩ። ጋሽ ኖላዊ መጀመሪያ ነበሩ የሳቁት፤ ሆዳቸውን ይዘው። ክሩቤልም ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

«አንተስ ዕድለኛ ነህ፣ ፍራሽ አለህ» አለው ለያብሥራ። «እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የማዝነው፤ እሱም ጀርባ የለውም።»

ከዚያ በኋላ ወሬው ተከፈተ፤ በለቅሶ ቤት የሟች ደግነት እንደሚወራ፣ ጋቢናው ተወራ። ክሩቤል ጅቡቲ ውስጥ፣ ዲኪል አካባቢ፣ መንገድ ላይ የተጋደመች አህያ ሞታለች አልሞተችም እያለ መኪናው እያማከረው ሰዓት ሙሉ የቆሙበትን ቀን አወራ፤ አህያዋ ተነሥታ ሄደች። ያብሥራ በጥንቱ መሪ ተሳቢውን በሚሌ ድልድይ ላይ ወደ ኋላ የመለሰበትን ሌሊት አወራ፤ ከየካቲት ወዲህ ይህን ያህል ቃል ባንድ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ከጥግ አንዲት ሴት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቤቷ ለመንገድ ሲፈርስ የቀረውን የሎሚ ዛፍ አነሣች። እትዬ ኤልዳና ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሟት። ጋሽ ኖላዊ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ማን እንደሆነ ሳይገልጡ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሲስተር ይመኙሻል ቀና ብላ አየቻቸው። «አመለጠኝ» አሉ።

ያብሥራ ግን በየመሀሉ ስልኩን ያያል። ሰዉ ሲስቅ አብሮ ይስቅና፣ ሳቁ መሀል ላይ ይቆምበታል። ሄራን በንዴት ስልክ ዘግታበት አታውቅም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የድንኳኑ በር ላይ ያሉት ሰዎች ባንድ ጊዜ ተነሡ። ካርታ የያዘው ካርታውን ጣለ። ሄራን በር ላይ ቆማለች። ከሐዋሳ በባቡር ነው የመጣችው፤ ጫማዋ የቤት ጫማ ነው፤ ትከሻዋ ላይ የሕፃን ትውኪያ ደርቆበታል። ማለዳ ያለቀሱላት ሴቶች ከሞት የተነሣች ያህል አፍጥጠው አዩዋት። እትዬ ኤልዳና ሊስሟት ብድግ አሉ፤ ሄራን እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው። ዓይኗ ያብሥራ ላይ ነው። ጢሙን አየች፤ ፍራሹን አየች፤ የቀጠነ አንገቱን አየች።

ያብሥራ ለመነሣት ሞከረ፤ አልቻለም።

ሄራን ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ዘቅዝቃ ወገቧ ላይ አሰረች። እጆቿን አነሣች። ድምፅዋ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ጠራ፤

«በረሃውን ሰንጥቆ፣ አሸዋውን አልፎ፣
የኔ ጌታ ቀረ ፍራሽ ተደግፎ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ቆመ። ሴቶቹ ሳያስቡት «ወይኔ» ብለው ተቀበሏት። ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጣች፤

«ሐሩሩን የቻለ፣ ውርጩን የቻለ ሰው፣
አንዲት ቃል ለመንገር ምን ነገር አነሰው?»

ያብሥራ አለቀሰ። ማለዳ እንደጮኸው አይደለም፤ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነበር የሚርገበገበው። ያ ወደ ታች አልወርድ ብሎት የከረመው ትንፋሽ ወረደለት። ክሩቤል ፊቱን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዞረ። ጋሽ ኖላዊ መሐረባቸውን ፈልገው አጡት፤ በባርኔጣቸው ጠረጉ።

ሄራን መጥታ ፍራሹ ላይ ጎኑ ተቀመጠች። እጁን ያዘች፤ ጨበጠችው፤ ከዚያ የመዳፉን ጠርዝ ቆነጠጠችው፤ እስኪያመው።

«ለቅሶዬ ለሥራህ ነው» አለችው በጆሮው። «የውሸቱን ገና አልጀመርኩም።»

«እሺ» አላት።

«ፈረድክብኝ? እንደማልችለው?»

«አንቺን አይደለም። ራሴን ነው የፈረድኩበት።»

መልሱን መዘነችው። ፊቷ አልፈታም፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።

«ሕፃኑን ለስንቅነሽ ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ማታ እመለሳለሁ» አለች። «ተላጭና ተነሥ። አብረን እንሄዳለን።»

«እንዲህ ሆኜ?»

«እንዴት ሆነህ ልትሄድ ነበር? እሱ አያት ነው የሚፈልግ፣ መኪና አይደለም። ሐሙስ ደግሞ ቀጠሮ አለህ አለችኝ፣ ይቺ ሲስተር፣ መንገድ ላይ ደውላልኝ፤ ለሐሙስ ትመለሳለህ።» ቀና አለች። «እትዬ ኤልዳና፣ ለኔ ማን ማን ነው ያለቀሰው?»

«ሁላችንም ነና፣ ልጄ።»

«የመጀመሪያ ፎቋስ? ማሚቱ?»

እትዬ ኤልዳና ንፍሮውን ማማሰል ጀመሩ። «እሷ ትንሽ ዘግየት ብላ ነበር።»

«ይሁን፣ ዐውቃለሁ» አለች ሄራን።

ያብሥራ ከፍራሹ ተነሣ። ክሩቤል በአንድ ወገን፣ ሄራን በሌላ ወገን ያዙት። ድንኳኑን ሲወጡ ሰዉ ገና ተቀምጦ ነበር፤ ስለ ሎሚው ዛፍ የምታወራዋን ሴት እየሰሙ ነው። ክሩቤልም ከደጅ ተመለሰና ባዶው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ እየመጣች ነበር፤ ራሱ ደውሎላታል።

በባቡሩ ውስጥ ሄራን ቆቃን እስኪያልፉ ድረስ አልተናገረችም። ከዚያ ጀመረች። መቂ ላይ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ቦታ ቀየሩ። ባቱ ላይ ስለ ሚሌ ሙቀት ጠየቀችው፤ ፍየሏ ከየት እንደመጣች ጠየቀችው። እያንዳንዱን «ዋሸሁ» አላት፤ በተናገረው ቁጥር ቃሉ ቀለለው። ሻሸመኔ ሲደርሱ ድምፅዋ ደክሞ ነበር።

«በል አሁን አንተ ንገረኝ» አለችው፤ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ። ምን እንደተሰማህ እንጂ የት እንደደረስክ አይደለም የምጠይቅህ።»

ነገራት። ኬኩን ነገራት፤ ማጨብጨቡን ነገራት። አንዳንዱን ሁለቴ ነገራት። ሐዋሳ ጣቢያ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ የጽዳት ማሽኖቹ ገብተው በየወንበሩ ሥር መጥረግ ሲጀምሩ፣ ሁለቱ ገና ተቀምጠው ነበር።